‹ፍር› ብቻ ተጽፎ ፍሬን ሸራ የሚያገኝ ፍለጋ፦ ፓይጂትራይ በባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ

ስልክ ይገመገማል። ሆቴል ይገመገማል። ጣና ዳር ያሉ ዓሣ ቤቶች እንኳ ኮከብ ሲሰጣቸውና ሲነጠቁ ይውላሉ። በነፃ ወርዶ ጸጥ ብሎ የሚሠራ ኮድ ግን ገምጋሚ የለውም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ በእሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምገመግመው ፓይጂትራይ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ ነው፤ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ ላይብረሪ ደግሞ ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ የተዘጋጀ ኮድ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

ፓይጂትራይ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፕሪፊክስ ትሪ፣ ማለትም ስሞችን በመነሻቸው እየቧደነ የሚያስቀምጥ አደራደር፣ ፕሮግራመሮች ባጭሩ ‹ትራይ› የምንለው። እኔ እዚህ ዛፍ እያልኩ እቀጥላለሁ። ላይብረሪውን የጻፈው ሚሃው ናዛሬቪች ነው፤ የወጣው በጉግል ስም ነው። ፈቃዱ አፓቼ 2.0 ስለሆነ ለንግድ ሥራም ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ባህር ዳር ውስጥ መንገድ ለመሻገር የቆመ ሰው የባጃጁን ብዛት ያውቀዋል። ባጃጅ ባለበት ደግሞ መለዋወጫ ይሸጣል። ሥራውን የሰጡኝ ባለሱቅ ከገበያው ብዙ ሳይርቅ አንድ ጠባብ ክፍል አላቸው። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ድረስ መደርደሪያ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የዕቃው ዝርዝር መጀመሪያ በደብተር፣ በኋላ በኤክሴል ነበር። ኤክሴሉን የሞሉት በየጊዜው የተቀያየሩ ሻጮች ናቸው። አንዱ ‹ኩሽኔታ› ሲል ሌላው ‹ኩሽኔት› ብሏል። ካላማዳሪ የሚለውንማ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አልጻፈውም።

መካኒክ ሲመጣ አይቀመጥም። እጁ በግራሶ ጠቁሯል፣ ባጃጁ ጎኑ ላይ ተጋድሞ ይጠብቀዋል፣ የባጃጁ ባለቤት ደግሞ እየደወለ ይነዘንዘዋል። "ፍሪሲዮን ካቦ አለ?" ይላል፤ መልሱን እዚያው ይፈልጋል። ሻጩ ልጅ አንድ ሁለት ፊደል ሲነካ ዕቃው፣ ዋጋውና የመደርደሪያው ቁጥር እንዲወጣለት ነው የተፈለገው። ከዚያ ያለፈ ነገር አልተጠየቅሁም።

እንዲህ ላለ ሥራ ዛፉ ልክ ነው። ፍሬን ሸራ፣ ፍሬን ዘይት፣ ፍሬቻ፣ ፍሬቻ አምፖል የሚሉትን ስሞች ውሰዱ። ሁሉም በ‹ፍሬ› ይጀምራሉ። ዛፉ ‹ፍ›ን አንድ ጊዜ ብቻ ይይዛል። ከ‹ፍ› ሥር ‹ሬ›ን አንድ ጊዜ ብቻ ይይዛል። መንገዱ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱ ወደ ‹ን›፣ ሌላው ወደ ‹ቻ›። ሻጩ ‹ፍሬ› ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ሁለት እርምጃ ይወርድና ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ያመጣል። የሚወርደው በተጻፉት ፊደላት ቁጥር ልክ ነው። ሱቁ ውስጥ 300 ዕቃ ይኑር 300 ሺህ፣ እዚያ ቦታ ለመድረስ ያው ሁለት እርምጃ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሬኔ ዴ ላ ብሪያንዴ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ስሙን በ1960 ያወጣለት ኤድዋርድ ፍሬድኪን ነው። የእኛው ፖሊ፣ የባህር ዳሩ ፖሊቴክኒክ፣ የተከፈተው በ1963 ስለሆነ ዛፉ ፖሊን በአራት ዓመት ይበልጠዋል።

አጫጫኑ ላይ ምንም የምለው የለኝም። ላይብረሪው አንድ የፓይተን ፋይል ነው። ሌላ ላይብረሪ አይጎትትም። በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ በየማሽኑ መገንባት ያለበት ክፍልም የለውም። ኔት ባለበት አወረድኩት፣ በፍላሽ ወደ ሱቁ ወሰድኩት፣ ከፕሮግራሙ ፋይሎች ጎን አስቀመጥኩት፤ አለቀ። ኔት ሲሄድ ሲመጣ ለሚውልበት ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የጋሼ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ዛፉን ከዝርዝሩ ፋይል እንደ አዲስ ይሠራዋል። የአንድ ሱቅ ዝርዝር ስለሆነ አያስጠብቅም።

የፓይተን ዲክሽነሪ ለሚያውቅ ሰው አጠቃቀሙ አዲስ ትምህርት አይጠይቅም። ቁልፍ ትሰጡታላችሁ፣ ከቁልፉ ጋር የሚቀመጠውን ነገር ትሰጡታላችሁ። የሚመጣው በተለያየ መልክ ነው። ‹ቻርትራይ› ጽሑፉን በየፊደሉ ይከፍላል። ‹ስትሪንግትራይ› በእዝባር (/) ይከፍላል፤ ለፋይል አድራሻ ይመቻል። ‹ትራይ› የሚባለው ደግሞ በተርታ የተደረደረ ማንኛውንም ነገር ይቀበላል፤ የግድ ፊደል መሆን የለበትም። እኔ የምወደው ይሄን ነው። ምክንያቱ አማርኛ ነው።

ሻጩ የሚጽፈው በላቲን ኪቦርድ ላይ ድምፁን እየነካ አማርኛ በሚያወጣለት ፕሮግራም ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ‹ፍሬን› ለመጻፍ መጀመሪያ ‹ፍ› ትመጣለች። ቀጥሎ ‹ር› ትመጣለች። ‹ር› ወደ ‹ሬ› የምትቀየረው አናባቢው ሲነካ ነው። በመካከሉ ስክሪኑ ላይ ያለው ‹ፍር› ነው። በየፊደሉ የተከፈለ ዛፍ ደግሞ ‹ፍር› ሲባል ‹ሬ›ንም ‹ሪ›ንም አያያቸውም። ለእሱ ‹ር› እና ‹ሬ› ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ ‹ፍ› ሲጻፍ ረጅም ዝርዝር ይወጣል፣ ‹ፍር› ሲጻፍ ባዶ ይሆናል፣ ‹ፍሬ› ሲጻፍ ዝርዝሩ ይመለሳል። የተቻኮለ ሻጭ ባዶውን ሲያይ "የለም ወንድሜ" ብሎ ደንበኛውን ይሸኛል። ዕቃው ከኋላው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ! ለላቲን ጽሑፍ የተዘጋጁ ማስተማሪያዎች ይሄን አያነሱም። እነሱ ጋ አንዴ የተጻፈ ፊደል ቀጣዩ ሲመጣ መልኩን አይቀይርማ።

መውጫው እያንዳንዱን ፊደል ተነባቢና አናባቢ አድርጎ ለሁለት መክፈል ነው። እዚህ ላይ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተር ላይ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ፣ ውለታ ውሎልናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል ሲገባ ለየቤቱ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶ ነው የተደረደረው። የ‹ሀ› ቁጥር 4608 ነው። የ‹ፍ› 4941 ነው። ሲቀናነስ 333 ይመጣል። ለ8 ሲካፈል 41 ደርሶ 5 ይተርፋል። 41 የ‹ፈ› ቤት ነው። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የተረፈው 5 ሳድስ ማለት ነው። ‹ሬ› 4652 ናት፤ ሲቀነስ 44፤ ለ8 ሲካፈል 5 ደርሶ 4 ይተርፋል። የ‹ረ› ቤት፣ ኃምስ። ‹ር› 4653 ናት፤ እሷም 5 ደርሶ 5 ይተርፋታል። ያው የ‹ረ› ቤት፣ ሳድስ። አንድ መቀነስና አንድ ማካፈል ነው፤ ሰንጠረዥ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ‹ፍሬን› ወደ ዛፉ የሚገባው በስድስት ቁራጭ ነው፦ ፈ፣ ሳድስ፣ ረ፣ ኃምስ፣ ነ፣ ሳድስ። ሻጩ ሲፈልግ ደግሞ ደንቡ አንድ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ሳድስ ከሆነች አናባቢዋ ገና እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ‹ፍር› ማለት እንግዲህ ፈ፣ ሳድስ፣ ረ ማለት ነው። ከዚያ በታች ፍሬን አለ፣ ፍሬቻ አለ፣ ፍሪሲዮን አለ። ሻጩ ‹ፍሪ› ላይ ሲደርስ ፍሬኑና ፍሬቻው ይወርዳሉ። ዝርዝሩ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ ጠፍቶ አይመለስም። ይሄን ሁሉ ለማድረግ የፓይጂትራይን ኮድ መንካት አላስፈለገኝም። ቁራጮቹን በተርታ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። ከአራቱ ኮከብ አንዷ ለብቻዋ የዚህ ናት።

ጋሼ ያዩት ጊዜ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "የኔ ልጅ፣ ገና ‹ፍር› ብቻ ነው እኮ የተጻፈው። ፍሪሲዮኑን ከየት አወቀው?"

"አላወቀም ጋሼ። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ነው የደረደረው።"

"እንዲያ ከሆነማ ከዚህ ልጅ ይሻላል" ብለው ሳቁ። ሻጩ አልሳቀም።

ሁሉም ፊደል ግን ለስምንቱ ቦታ ሕግ አይገዛም። ‹ሯ› የ‹ረ› ቤት ስምንተኛ ናት፤ እሷ ችግር የለባትም። ‹ጓ›፣ ‹ኳ›፣ ‹ቋ› እና ‹ኋ› ግን ከእናት ቤታቸው ወጥተው የራሳቸው ተርታ ተሰጥቷቸዋል። ጓንት የሚፈልግ ሰው ‹ግ› ብሎ ሲጀምር እንዲያገኘው ‹ጓ›ን ወደ ‹ገ› ቤት በእጅ መመለስ ያስፈልጋል። ጥቂት ናቸው፤ ጽፎ መገላገል ነው።

ሞክሼ ፊደላቱ ትንሽ ይበዛሉ። ጋሼ ከከተማ ውጭ ላሉ ደንበኞች ዕቃ በመኪና ይልካሉ፤ ወደ ወረታ፣ ሐሙሲት፣ መርዓዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ። የከተማ ስም የሚሞላበት ሳጥን ላይም ያው ዛፍ ነው ያለው። ‹ደብ› ሲባል ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስና ደብረ ኤልያስ አብረው ይመጣሉ፤ እዚያ ላይ ዛፉ ራሱን ያሳያል። ሐሙሲትን ግን አንዱ በ‹ሐ› ሌላው በ‹ሀ› ይጽፋታል። መርዓዊን በ‹ዓ› የሚጽፍ አለ፣ በ‹አ› የሚጽፍም አለ። ስለዚህ ቃሉ ዛፉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ‹ሐ› እና ‹ኀ› ወደ ‹ሀ›፣ ‹ሠ› ወደ ‹ሰ›፣ ‹ዐ› ወደ ‹አ›፣ ‹ፀ› ወደ ‹ጸ› ከነዘሮቻቸው ይመለሳሉ። ‹ሃ›ም ወደ ‹ሀ›፣ ‹ኣ›ም ወደ ‹አ›። የሚፈለገው ቃልም በዚያው ወንፊት ያልፋል። ትክክለኛው አጻጻፍ ከቁልፉ ጋር ለብቻው ስለሚቀመጥ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጋሼ የጻፉት ነው። በአጻጻፍ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፤ ሐሙሲት በ‹ሀ› ብትወጣ ሒሳቤን የሚከፍሉኝ አይመስለኝም። ይሄ ሁሉ የላይብረሪው ሥራ ስላልሆነ ነጥብ አልቀነስኩበትም።

የቀነስኩባቸው ሌሎች ናቸው።

የሌለ መነሻ ስትጠይቁት ባዶ ዝርዝር አይመልስም፤ ‹ኪ ኤረር›፣ ቁልፉ የለም የሚል ስህተት፣ ብሎ ይጮሃል። ፍለጋ ሳጥን ውስጥ የሌለ ነገር መጻፍ የሰው ተፈጥሮ ነው። ለምን እንደ ብልሽት እንደሚቆጠር አልገባኝም። ሁለት መስመር ጽፎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን በየቦታው ማስታወስ ይጠይቃል። የሚገርመው ደግሞ ‹ሎንገስት ፕሪፊክስ› የሚባለው ተግባሩ ምንም ሲያጣ አይጮህም፤ ባዶ መልስ ይሰጣል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጠባይ።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ካልነገራችሁት በፊደል ተራ አይሰጣችሁም፤ ማብሪያውን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ይሄስ ቀላል ነው። ከባዱ የትኛው ዕቃ እንደሚፈለግ አለማወቁ ነው። ዛፉ የሚያውቀው ‹ከዚህ በታች ምን አለ› የሚለውን ብቻ ነው። ‹ካ› ተብሎ ሲጻፍ ካንዴላ ከላይ መሆን አለበት፤ በየሰዓቱ የሚጠየቀው እሱ ነው። ካምቢዮ ቤቱን ሙሉ የሚገዛ በስንት አንዴ ነው የሚመጣው። እኔ ከዛፉ የመጣውን ሁሉ በሽያጭ ብዛት ደርድሬ የመጀመሪያዎቹን ብቻ አሳያለሁ። ለአንድ ሱቅ ይበቃል። ዝርዝሩ በጣም ትልቅ ቢሆን ግን በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የበለጠ የሚሸጡትን ቀድሞ ማስቀመጥ ነበር የሚሻለው። ፓይጂትራይ ይሄን አብሮ አይሰጥም። ይሄ የፍለጋ ሳጥን ዋና ነገር ስለሆነ ኮከቧን ያስቀነሰው እሱ ነው።

ከመካከል ፍለጋም የለም። ይሄ የዛፉ የራሱ ተፈጥሮ ነው። መካኒኩ "ሸራ ስጠኝ" ብሎ ነው የሚገባው፤ ስሙ ግን ‹ፍሬን ሸራ› ተብሎ ተመዝግቧል። መፍትሔው ስሙን ከየቃሉ መነሻ ደጋግሞ ማስገባት ነው፤ አንዴ ከ‹ፍሬን›፣ አንዴ ከ‹ሸራ›። ዛፉ ይወፍራል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ራሱን የቻለ የፓይተን ነገር ስለሆነ ሜሞሪ ይበላል። የሱቅ ዝርዝር ስለሆነ የጋሼ ላፕቶፕ ቻለው።

እውነቱን ለመናገር፣ ለፍለጋ ሳጥን ብቻ ቢሆን ዛፍ ባይኖርም ይቻል ነበር። ዝርዝሩን ደርድራችሁ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን፣ ዝርዝሩን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ የሚፈልገውን ‹ባይሴክት› መጠቀም ትችላላችሁ። ሦስት ሺህ ስም ቢኖር የሚፈለገው ቦታ ላይ ለመድረስ 12 ያህል ማወዳደር ይበቃል። ማንም ሰው ልዩነቱን በዓይኑ አያየውም። ለእኔ ደንበኛ ላይብረሪ ልጫን ወይስ አልጫን ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ "መጀመሪያ በባይሴክት ሞክሩት" ነው። ስሞቹን ወደ ተነባቢና አናባቢ መክፈሉ እዚያም ይሠራል።

እኔን ፓይጂትራይ ላይ ያስቀረኝ ያው ‹ሎንገስት ፕሪፊክስ› ነው። ይሄ ጥያቄውን ይገለብጠዋል። በ‹ፍሬ› የሚጀምሩት የትኞቹ ናቸው አይልም፤ ይሄ ረጅም ነገር ከማውቃቸው መነሻዎች በየትኛው ይጀምራል፣ ብዙ ከሆኑስ ረጅሙ የትኛው ነው ይላል። ሱቁ ዕቃ ሲደርስ ለደንበኛ አጭር መልእክት ይልካል። ከደንበኞቹ መካከል መደበኛ ስልክ ብቻ ያስመዘገቡ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ለእነሱ መልእክት መላክ ትርጉም የለውም። ዛፉ ውስጥ 251፣ 2519፣ 2517 እና 25158 አስገባሁ። ቁጥሩ በ2519 ከጀመረ ኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል ነው፤ በ2517 ከጀመረ ሳፋሪኮም ነው። በ25158 የሚጀምር ግን የእኛው የሰሜን ምዕራብ መደበኛ ስልክ ነው፤ ሻጩ ራሱ ይደውላል። በ251 ብቻ የተገጠመ ቁጥር ሲመጣ ጋሼ እንዲያዩት ይቀመጣል። ብዙ ‹እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ ከሆነ› የሚል መስመር ነበር የሚጠይቀኝ፤ ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ። ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኔትወርክ ትራፊክ በየትኛው መንገድ እንደሚላክ ሲመርጥ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ አድራሻው ከሚገጥማቸው መነሻዎች ረጅሙ ያሸንፋል።

ሌላው አማራጭ ማሪሳ ትራይ ነው። ሱሱሙ ያታ በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፈው ነው፤ ለፓይተን የሚሆን መጠቅለያ አለው። ሜሞሪ በመቆጠብ ፓይጂትራይ አጠገቡም አይደርስም። ፋይል ላይ ተቀምጦ ከዚያው መነበብ ይችላል። ከየስሙ ጋር ቅርጻቸው የታወቀ ቁጥሮችን፣ ለምሳሌ ዋጋና የመደርደሪያ ቁጥር፣ መያዝም ይችላል። የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ሰብስቦ ለኪቦርድ ቃል መጠቆሚያ የሚሠራ ሰው ቢጠይቀኝ ማሪሳን ነው የምለው። ቁልፉ ጽሑፍ መሆን ስላለበት ቁራጮቹን በተርታ መስጠት አይቻልም፤ ግን ‹ፍሬን›ን ‹ፈ6ረ5ነ6› አድርጎ መስጠት ይቻላል፤ ‹ፍር› ደግሞ ‹ፈ6ረ› ይሆናል። በፊደል ተራ እንዲመልስ ከፈለጋችሁ ዛፉ ሲገነባ ነው መናገር ያለባችሁ።

አንድ ነገር ግን አይወድም፤ አንዴ ከተገነባ በኋላ ቃል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ለመዝገበ ቃላት ይሄ ምንም አይደለም። ጋሼ ግን አዲስ ዓይነት ዕቃ ይዘው በገቡ ቁጥር ስሙን እዚያው ቆመው ነው የሚያስመዘግቡት፤ ሻጩ ጽፎ ሳይጨርስ "አሁን ፈልገው እስቲ" ይሉታል። ስለዚህ እዚያ ላፕቶፕ ላይ የሚቀመጠው ፓይጂትራይ ነው።